ሁለት ቆሼ፣ አንድ መንገድ

ለአዲስ አበባ ልጅ “ቆሼ” ማለት ረጲ አካባቢ ያለው የቆሻሻ ተራራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ከቀበረ ወዲህ ደግሞ ስሙ ሲነሳ ከሽታው ሐዘኑ ይቀድማል። ስለዚህ አንድ ወዳጃችሁ “ለበዓል ቆሼ ልሄድ ነው” ቢላችሁና ግራ ገብቷችሁ ብታዩት አልፈርድባችሁም።

ሌላ ቆሼ አለቻ! ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ (ዛሬ ባቱ በምንላት ከተማ በኩል) ስትወርዱ መሀል መንገድ ላይ የምታገኟት የማረቆ ከተማ። የምታውቋት ባይመስላችሁም ታውቋታላችሁ። ቤታችሁ “የማረቆ በርበሬ” ተብሎ የተገዛ ዛላ ገብቶ ከሆነ፣ ምሳችሁ ላይ ያለው ወጥ ቀለሙን ያመጣው ከዚያ ሰፈር ነው። የእርሻ ምርምር ሰዎች እንኳ ከታወቁት የበርበሬ ዝርያዎች አንዱን “ማረቆ ፋና” ብለው ነው የጠሩት። ሕዝቡ ማረቆ፣ ቋንቋው ሊቢዶ።

ዛሬ ግን ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ በርበሬው ሳይሆን በርበሬውን ስለሚያመጣው መንገድ ነው። የአሜሪካኖቹን “ሩት 66” በፊልም ያላየ የለም መቼም። እ.ኤ.አ. በ1926 ስሙን ያገኘ፣ ከቺካጎ ተነስቶ እስከ ሎስ አንጀለስ ዳርቻ ወደ 3 ሺህ 900 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መንገድ። እ.ኤ.አ. በ1985 ከአውራ ጎዳናዎች መዝገብ ቢፋቅም ሙዚየም አለው፣ ዘፈን አለው፣ ካናቴራ አለው። እኛ ሰፈር ያለው መንገድስ ማን ሠራው? ከማን ኪስ? ብላችሁ ብትጠይቁ “መንግሥት ነዋ!” የሚል መልስ ነው የምታገኙት። በቡታጅራ በኩል ስለሚያልፈው መንገድ ይህ መልስ ግማሽ እውነት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሌላኛው ግማሽ ነው።

እስቲ ከሥሩ እንጀምረው። አገራችን ውስጥ መንገድ የሚባለው ነገር ለረጅም ዘመን የበቅሎና የእግረኛ ነበር። አጼ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ አስጠረጉ፤ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊም በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ አስመጣላቸው። የከተማው ሰው “ሰርኪስ ባቡር” ብሎ ስም አወጣለት። ከዚያ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየባቸው አምስት ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ፣ ወደ አሰብ፣ ወደ ጅማና ወደ ሌሎችም አቅጣጫዎች መንገድ ዘረጋ። የዘረጋው ለፍቅር አልነበረም፤ ወታደሩን ፈጥኖ ለማድረስ ነበር። ካርታውን ብታዩት ሸረሪት ድር የሠራች ነው የሚመስለው፤ ሁሉም ክር መሀል ላይ፣ አዲስ አበባ ላይ ይገናኛል። ዳርና ዳር ያሉት ግን እርስ በርስ አይተዋወቁም።

ጣሊያን ሲወጣ መንገዱ ጠጋኝ አጣ። ድልድዩ ፈረሰ፣ ዝናቡ ጠረገው። መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ሁለት ነገር አደረገ። ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተበደረ፤ በዚህም ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከዓለም ባንክ በመበደር የመጀመሪያዋ ሆነች። እዚያው ዓመት ላይ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን አቋቋመ። እዚህ ላይ ነው አሜሪካ ወደ ታሪካችን የምትገባው። አዲሱን መሥሪያ ቤት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲያስተዳድሩና ባለሙያ እንዲያሠለጥኑ የመጡት የአሜሪካ የሕዝብ መንገዶች ቢሮ መሐንዲሶች ነበሩ። ያኔ የአሜሪካንን አውራ ጎዳናዎች ይመራ የነበረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ስለዚህ የሩት 66ና የእኛ መንገድ ዝምድና ቀልድ አይደለም፤ በአንድ ትውልድ መሐንዲሶች እጅ ያለፉ ናቸው።

ነገር ግን ብድሩ የተወሰደው በዋናነት ያሉትን ታላላቅ መንገዶች ለመጠገን ነበር። ጉራጌ አገርን አስቡት። በምዕራብ በኩል የጅማው መንገድ ወልቂጤን ይነካል። ከዚያ ወዲያ፣ ተራራውን ተሻግሮ እስከ ስምጥ ሸለቆው ድረስ ያለው አገር በመኪና የማይደረስበት ነበር። ክረምት ሲገባማ በቃ፤ ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው በቅሎ ይውጣል።

ይህ አገር ደግሞ ልጆቹን ወደ ከተማ የላከ አገር ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ጀምሮ ጉራጌ ተሸክሞ፣ ጫማ ጠርጎ፣ ሱቅ በደረቴ ይዞ፣ ቀስ በቀስም መርካቶ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ የከተማዋን ንግድ ካቆሙት ሰዎች አንዱ ሆነ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ ሠርተው መስቀል ሲደርስ አንድ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ወደ እናታቸው ቤት የሚወስድ መንገድ የለም። ለእናት የገዙት ጋቢ፣ ለበሬው የያዙት ገንዘብ፣ ለልጆቹ የሸከፉት ልብስ መኪናው ካቆመበት ጀምሮ በትከሻ ነው የሚሄደው። በሽተኛ ሲኖር ደግሞ ጉዞው በተቃራኒው ነው፤ በቃሬዛ።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ እነዚህ የከተማ ሰዎች መንግሥት እስኪያስታውሳቸው አልጠበቁም። የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። በየተወለዱበት አገር ተደራጁ፣ ተወካይ መረጡ፣ ገንዘብ አዋጡ። ነጋዴው ከሱቁ፣ ሊስትሮው ከሳንቲሙ፣ ደመወዝተኛው ከደመወዙ። የሰበሰቡትን ይዘው ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር ተባብረው ከወልቂጤ በእምድብር በኩል ወደ ሆሳዕና የሚሄደውን መንገድ አስጀመሩ። ዛሬ የጉራጌ ሕዝብ ራስ አገዝ ልማት ድርጅት ብለን የምናውቀው ተቋም ሥሩ ይህ የመንገድ ማኅበር ነው።

በምሥራቅ በኩልም ሌላ ማኅበር ተነሳ፤ የአለም ገና–ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት። ይኸኛውን ሳስበው የሚገርመኝ የአባላቱ ስብጥር ነው። መንገዱ ከአለም ገና ተነስቶ የክስታኔ ጉራጌን፣ የመስቃንን፣ የስልጤን፣ የሐድያን፣ የከምባታን አካባቢ እየነካ ወላይታ ሶዶ ይደርሳል። ቋንቋቸው ይለያያል፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ግማሹ መስጊድ ይሳለማል፤ ግን ለአንድ መንገድ ነው ያዋጡት። የጎረቤቴ መንገድ ካልተሠራ የእኔም የትም አያደርሰኝም የሚለው ሒሳብ ገብቷቸው ነበር። መንገድ እንደ ቤት አይደለም፤ የራስን ክፍል ብቻ ሠርቶ መቆለፍ አይቻልም።

ዛሬ በዚያው መንገድ ውጡና እዩት። በአየር ጤና አድርጋችሁ፣ ማለትም የመጀመሪያዋን ቆሼ ወዲያ ትታችሁ፣ አለም ገና ስትደርሱ መንገዱ ይከፈላል። ቀኙ በወሊሶና በወልቂጤ ወደ ጅማ፣ ግራው ወደ ቡታጅራ ነው። ግራውን ያዙ። አዋሽን መልካ ቁንጥሬ ላይ ትሻገራላችሁ፤ የሰው ዘር ድንጋይ እየጠረበ የኖረበት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ቦታ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጢያ፤ 36 ትክል ድንጋዮች፣ አብዛኞቹ ሰይፍ የተቀረጸባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተመዘገቡ። ከዚያ ቡኢ፣ ቀጥሎ ኬላ፣ ቀጥሎ በስተቀኝ የዘቢዳር ተራራ ግርማ ሞገሱን ለብሶ ይመጣል፤ ቡታጅራ ደረሳችሁ። ወደ 130 ኪሎ ሜትር። ዋናው መንገድ በወራቤና በሆሳዕና ወደ ሶዶ ይቀጥላል። የእኛዋ ቆሼ ግን እዚህ ላይ ወደ ምሥራቅ ታስታጥፋለች።

ይህች እጥፋት ትንሽ ትመስላለች፤ ከቡታጅራ እስከ ዝዋይ ብትለኳት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ግን ያንን የሸረሪት ድር አስታውሱ። ሁሉም መንገድ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ቢገናኝ ኖሮ የቡታጅራ ሰው ዝዋይ ለመሄድ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ፣ ከዚያ በሞጆ ዞሮ 160 ኪሎ ሜትር መውረድ ነበረበት። ድምሩ 290። በቆሼ በኩል ግን 50። የቆሼ መንገድ ዳርን ከዳር የሚያገናኝ፣ ዋና ከተማዋን ሳያስፈቅድ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስተዋውቅ መንገድ ነው። በርበሬ የጫነው አይሱዙ በዚህ ወርዶ ዝዋይ ላይ ሌላ ታላቅ መንገድ ይገጥመዋል፤ ከካይሮ ኬፕታውን እንዲደርስ የታሰበውን፣ ከ10 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፍሪካ አቋራጭ ጎዳና። ይህ ጎዳና በመተማ ገብቶ በጎንደርና በባሕር ዳር አዲስ አበባ ይደርስና በሞጆ፣ በዝዋይ፣ በሻሸመኔና በሐዋሳ አድርጎ በሞያሌ ወደ ኬንያ ይወጣል። የማረቆ ገበሬ ቢያውቀውም ባያውቀውም ከካይሮ–ኬፕታውን መንገድ ቅርብ ነው ያለው።

መንገድ በረከት ብቻ ነው እያልኩ አይደለም። መንገድ ሁለት አፍ አለው። ጋቢውን ወደ እናት ያደረሰው መንገድ፣ ታናሽ ወንድምን ደግሞ ወደ መርካቶ ወስዶታል። መንገዱ ሲሻሻል የሄደውም በዛ። መስቀልና አረፋ ሲደርስ መናኸሪያው የሚጨናነቀው እኮ ለዚህ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ሰሞን መንገዱ የወሰደውን ለጥቂት ቀናት ይመልሳል። ዶልፊኑም አባዱላውም ጣራው ላይ በግ፣ ውስጡ ላይ ሳቅ ጭኖ ይበራል። (አንዳንዴም ከመጠን በላይ ይበራል፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ብሎ ሲነሳ በአገሪቱ የነበረው መንገድ ሁሉ ተደምሮ 26 ሺህ 550 ኪሎ ሜትር ነበር። በ2007 ዓ.ም. ከ110 ሺህ በላይ ደረሰ ተባለ። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድም ተከፈተ። ይህ ሁሉ ትልቅ ነገር ነው፤ አልክድም። ግን ቁጥሩ ሲጨምር አንድ ነገር የቀነሰ ይመስለኛል፤ “መንገዱ የእኔ ነው” የሚለው ስሜት። ያዋጣ ሰው መንገዱን አይዘጋም። ያላዋጣ ግን መንገድ የሌላ ሰው ንብረት ይመስለዋል።

ለምን ይህን አነሳሁ? በመስከረም 2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ መካከል በተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ከዚያ ወዲህም ነገሩ እያገረሸ ቆይቷል። በአገራችን ጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታመመው መንገድ ነው። ትናንት ገበያ ያገናኘው መንገድ ዛሬ ሰው በፍርሃት የሚያልፍበት ይሆናል። መንገዱ ከሌለ ደግሞ መስቃን ማረቆን የሚያየው በወሬ ብቻ ነው፤ ማረቆም መስቃንን እንዲሁ። በወሬ የሚያውቁትን ሰው መፍራት ቀላል ነው።

ድንበሮቻችንም ተቀይረዋል። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ክልል ሲከፋፈል የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ ማረቆ ልዩ ወረዳ ሆነ፤ ስልጤ፣ ሐድያ፣ ከምባታ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዞን አላቸው። ወላይታ በሌላ ክልል ውስጥ ነው። ከአለም ገና ሶዶ የሚሄድ ሰው ዛሬ ሦስት ክልል ያቋርጣል፤ ኦሮሚያ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ። ሁሉም የየራሱን መቀመጫ፣ የየራሱን ማኅተም ይዟል። ይሁን፤ ሕዝብ ራሱን ማስተዳደሩ መብቱ ነው። መንገዱ ግን ከእነዚህ ድንበሮች ሁሉ ይበልጣል፤ ዕድሜውም ስፋቱም። እነዚያ የ1950ዎቹ አዋጪዎች ገንዘባቸውን ሲሰጡ ብሩ ከየትኛው ወረዳ ድንበር ላይ እንዲቆም አልጠየቁም።

ከአለም ገና እስከ ቡታጅራ በሄድኩባቸው ጊዜያት ሁሉ በመስኮት እያየሁ “ይህን መንገድ ያሠሩት እነ እገሌ ናቸው” የሚል አንዲት ሰሌዳ አላየሁም። ፍጥነት ቀንስ የሚል አለ፤ ወደ ቀኝ ጠመዝማዛ የሚል አለ። አሜሪካኖቹ ለተፋቀው መንገዳቸው ሙዚየም ሠርተዋል። እኛ ሙዚየም ይቅርብን። ግን በዚህ መስቀል ወይም በዚህ አረፋ ወደ አገር ቤት የምትወርዱ ካላችሁ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ቤት ስትደርሱ ቡናው እየተፈላ እያለ አያቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ “ለመንገዱ ስንት አዋጣችሁ?” በሏቸው። መልሱን ጻፉት። ከነሳንቲሙ።

ከዚያ ቡታጅራ ላይ ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ምሥራቅ ታጠፉና ቆሼ ድረስ ሂዱ። ዛላ በርበሬ ግዙ፤ ከገበሬው ጋር ተጫወቱ። ጎረቤት ሲጠይቅ ነው መንገድ የሚኖረው።