የሕዝብ ትራንስፖርት በምዕራብ ሸዋ

የምዕራብ ሸዋ የሕዝብ ትራንስፖርት ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው የአስፋልት መንገድ ላይ የሚሠሩትን አውቶብሶች፣ ቅጥቅጦችና ሚኒባሶች፣ እንዲሁም ከዚህ መንገድ ተገንጥለው ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚገቡትን መኪኖች፣ ባጃጆችና ጋሪዎች ያጠቃልላል። ምዕራብ ሸዋ በኦሮሚያ ክልል የሚገኝ ዞን ሲሆን ዋና ከተማው አምቦ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዞኑ የባቡር መስመር ስለሌለው ተማሪውም ነጋዴውም ጎብኚውም የሚጓዘው በመኪና ነው። ጉዞው በአገሪቱ ካሉት ርካሽ የጉብኝት መስመሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሚያወጣው ግን በዋናው መንገድ ላይ ሳይሆን ከመንገዱ ሲወጣና ሲመሽበት ነው።

መስመሩ

መንገዱ ከአዲስ አበባ በአስኮና በቡራዩ በኩል ይወጣና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ወሎንኮሚን፣ ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶን፣ ኢጃጂንና ባኮን እያቆራረጠ ወደ ወለጋ ይዘልቃል። ባኮ ከአዲስ አበባ 250፣ ነቀምቴ ደግሞ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። የዞኑ ትልልቅ ከተሞች አብዛኞቹ በዚህ አንድ መንገድ ላይ የተደረደሩ ስለሆኑ መንገደኛ መስመር መምረጥ አያስፈልገውም፤ የሚመርጠው የት እንደሚወርድ ነው።

ሆለታ በስዊድን መኮንኖች እርዳታ በተቋቋመው የጦር ትምህርት ቤትና በግብርና ምርምር ማዕከሉ ይታወቃል። በኦሮምኛ ኤጀሬ የሚባለው አዲስ ዓለም 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አዲስ መናገሻ ሊያደርጉት አስበው ግንባታ ካስጀመሩ በኋላ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። አዲስ አበባን ለመልቀቅ ያሰቡበት አንዱ ምክንያት የማገዶና የግንባታ እንጨት እጥረት ነበር፤ ባሕር ዛፍ መተከሉ ችግሩን አቃለለው። ለቤተ መንግሥት የታሰበው ሥፍራ ዛሬ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ሙዚየምም አለው። ከመናኸሪያው ብዙ ስለማይርቅ፣ ወደ አምቦ የሚሄድ ሰው ወርዶ አይቶት በሌላ መኪና ጉዞውን መቀጠል ይችላል።

ቀጥሎ ያለችው ወሎንኮሚ ትንሽ ከተማ ናት። ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣት እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የተወለዱት እዚህ ነው። በልጅነታቸው እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው በሌላ ከተማ ወዳለው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ ሳምንቱን ተምረው ዓርብ ይመለሳሉ። ዛሬ ሚኒባስ በአጭር ጊዜ የሚጨርሰው ይህን ያህሉ ርቀት ያኔ የአንድን ልጅ የመማር ዕድል የሚወስን ነበር። ከአስፋልቱ በራቁ ቀበሌዎች አሁንም እንዲሁ ነው።

ባቡር

ከጅቡቲ የተነሳው የመጀመሪያው የባቡር ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ እዚያው ቆመ። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኢትዮ–ጅቡቲ ባቡርም ከሰበታ ተነስቶ የሚሄደው ወደ ምሥራቅ ነው። በአንደኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (2003–2007 ዓ.ም.) ከአዲስ አበባ በኢጃጂ በኩል ወደ ጅማ፣ ከኢጃጂም ወደ ነቀምቴ፣ አሶሳና ኩርሙክ የሚዘረጋ ሐዲድ ታስቦ ነበር። ቢሠራ ኖሮ የምዕራብ ሸዋዋ ኢጃጂ የሁለት መስመሮች መገናኛ ትሆን ነበር። ሐዲዱ ግን አልተዘረጋም።

ለምዕራብ ተጓዥ የሚጠቅመው ብቸኛው ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ከአያት የሚነሳው መስመር ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወደ አስኮ በታክሲ ይኬዳል።

በአውሮፓ ባቡር ከተጓዙ ሰዎች ምክር የሰማ ተማሪ እዚህ ልማዱን መቀየር አለበት። በአውሮፓ ርካሽ ጉዞ ማለት በአብዛኛው አስቀድሞ መግዛት ነው። የፈጣን ባቡር ትኬት ከሳምንታት በፊት ሲገዛ ይረክሳል፤ በዕለቱ ሲገዛ ይወደዳል። በየከተማው እየወረዱ ለመጓዝ ደግሞ የብዙ ቀን ማለፊያ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1972 ለወጣቶች የተጀመረው ኢንተርሬይል ለአውሮፓ ነዋሪዎች፣ ዩሬይል ደግሞ ከሌላ አህጉር ለሚመጡ፣ ከኢትዮጵያ የሚሄዱትንም ጨምሮ። በአምቦ መስመር አስቀድሞ በመግዛት የሚገኝ ቅናሽ የለም፤ መቆራረጥም አያስቀጣም። ምክንያቱ የታሪፉ አሠራር ነው።

ታሪፍ

የአገር አቋራጭ ትራንስፖርት ዋጋ በመንግሥት ታሪፍ የሚወሰን ሲሆን ስሌቱ በሰውና በኪሎ ሜትር ነው። መኪኖች በደረጃ ይከፈላሉ፤ ደረጃው ከፍ ያለ መኪና የበለጠ ያስከፍላል። ለአስፋልትና ለጠጠር መንገድ የሚከፈለውም አንድ አይደለም፤ በጠጠር ላይ የአንድ ኪሎ ሜትር ዋጋ ከአስፋልቱ ይበልጣል። በዚህ ስሌት የተነሳ ከአዲስ አበባ አምቦ በቀጥታ የሄደና አዲስ ዓለምና ጊንጪ ላይ እየወረደ የሄደ ሰው በመጨረሻ የሚከፍሉት ተቀራራቢ ነው። የሚቆራርጠው ሰው የሚከስረው ጊዜ ነው፤ መኪና የሚነሳው ሲሞላ ስለሆነ በየመናኸሪያው ይጠብቃል።

ታሪፉ ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚከለስ ያለፈ ዓመት ዋጋ ይዞ መከራከር አያዋጣም። የዕለቱን ታሪፍ የመናኸሪያው ስምሪት ክፍል ይናገራል፤ አጠገብ የተቀመጠ መንገደኛም ይነግራል፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚሻለው እሱን መጠየቅ ነው። ከመናኸሪያ ውጭ መንገድ ዳር ተሳፋሪ የሚያነሱ መኪኖች ከታሪፍ በላይ የሚጠይቁት በተለይ ሲመሽና በበዓል ዋዜማ ነው። ገናና ፋሲካ፣ መስቀልና ኢሬቻ ሲቃረቡ፣ እንዲሁም የአምቦና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገቡና ሲወጡ ወንበር ይጠፋል፤ ትርፍ መጫንም ይበዛል። በእነዚህ ቀናት አንድ ቀን ማስቀደም ወይም ማዘግየት ከማንኛውም ክርክር የበለጠ ገንዘብ ያተርፋል።

የዕቃ ክፍያ ሌላ ጣጣ ነው። ጭን ላይ የሚያዝ ቦርሳ አይከፈልበትም፤ ፖርቶ መጋላ ላይ ለሚወጣ ሻንጣ ወይም ጆንያ ግን ረዳቱ ሒሳብ ይጠይቃል። ዋጋው የሚነገረው ዕቃው ከመጫኑ በፊት መሆን አለበት፤ ከተጫነ በኋላ የመደራደር አቅም የረዳቱ ነው። በቴሌብር የሚቀበሉ ቢኖሩም ዝርዝር ብር መያዝ ይመረጣል።

መነሻና መኪና መምረጥ

ከአዲስ አበባ የምዕራቡ መስመር መነሻ የአስኮ መናኸሪያ ነው። ወደ ነቀምቴና ከዚያ ወዲያ የሚሄዱ አውቶብሶች የሚነሱት ማለዳ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያልደረሰ ሰው ሊያመልጡት ይችላሉ። የውጭ አገር ጎብኚዎች ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሚነገር ዘንግተው እኩለ ቀን ላይ የሚመጡበት ጊዜ አለ። ወደ አምቦ ግን ሚኒባስና ቅጥቅጥ ቀኑን ሙሉ ይገኛል።

ረጅም መንገድ የሚሄድ አውቶብስ ረዳት አምቦ የሚወርድ ሰው ማሳፈር ብዙም አይወድም፤ ወንበሩ መሃል ላይ ባዶ ይሆንበታል። ስለዚህ አምቦ የሚሄድ የአምቦን መኪና፣ ባኮ የሚሄድ ደግሞ የነቀምቴን መያዝ ይሻለዋል። በመንገድ መውረጃ ላይ «ወራጅ አለ» ማለት በቂ ነው፤ አማርኛ በመናኸሪያዎች ይሠራል። የአካባቢው ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ግን «አካም» ብሎ ሰላምታ መስጠት፣ «ሜቃ» ብሎ ዋጋ መጠየቅና «ገለቶማ» ብሎ ማመስገን ፊት ያበራል፤ አንዳንዴም ዋጋ ያስተካክላል።

አምቦን መቀመጫ ማድረግ

አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ የሁሉቃ ወንዝ የሚያልፍባት ከተማ ናት። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1930 ጀምሮ በጠርሙስ የሚታሸገው የአምቦ ውኃ ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው፤ ፋብሪካው ከከተማው በስተምዕራብ ሰንቀሌ ላይ ይገኛል። በከተማዋ ውስጥ የማዕድን ውኃ መዋኛ አለ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተወለደው በአቅራቢያዋ ባለችው በቦዳ ነው።

ለቁጠባ ተጓዥ አምቦ የምትመረጠው መኪና ወደ አራቱም አቅጣጫ ስለሚገኝባትና ፔንሲዮን ስለማይጠፋባት ነው። የዩኒቨርሲቲ ከተማ በመሆኗ ሽሮና በያይነቱ በተማሪ ዋጋ የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል። ቅዳሜ ትልቁ የገበያ ቀን ነው፤ ከየገጠሩ መኪና የሚበዛውም ያን ቀን ነው። በከተማው ውስጥ ባጃጅና ጋሪ ይሠራሉ። ባጃጅ ብቻን ሲይዙት «ኮንትራት» ይባላል፤ ከሌሎች ጋር ሲጋሩት ዋጋው በብዙ ያንሳል። ስለዚህ ሳይገቡ «ኮንትራት አይደለም» ማለት ያስፈልጋል።

ወደ ጉደር የ12 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፤ እዚያ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የማሞ መዘምር ካምፓስ ስላለ መኪና አይቋረጥም። ፏፏቴው የሚያምረው ከክረምት ማግስት ነው። ጉደር ወንዝ ወደ ሰሜን ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ ስሙም በአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ቀይ ወይን ጠርሙስ ላይ ይነበባል።

ከዋናው መንገድ ሲወጡ

ዋጋው የሚለወጠው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ወደ አምቦ የሚመጣው የወንጪን የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ለማየት ነው። ወንጪ ከአምቦ በስተደቡብ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኝ ሲሆን በአስተዳደር የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ነው። በሐይቁ ደሴት ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከሰየማቸው ውስጥ ነበር፤ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክትም ሎጅ ተሠርቶበታል። ሎጁ ግን ለቁጠባ ተጓዥ የታሰበ አይደለም።

በዚህ መንገድ መኪና በገበያ ቀን ይበዛል፤ በሌላ ቀን ይሳሳል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ጠዋት ሄዶ ስምንት ሰዓት ላይ መመለሻ ያልያዘ ሰው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ መኪና በኮንትራት መያዝ ወይም ብርዳማ በሆነው ደጋ ማደር። አንዱ ኮንትራት ከአዲስ አበባ አምቦ ደርሶ መልስ ከሚከፈለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ሆኖ መሄድና ከመነሻው ወጪውን መካፈል፣ ወይም በወሊሶ በኩል ወጥቶ በጅማ መንገድ ወደ አዲስ አበባ መዞር ይሻላል። ሁለተኛው መንገድ ያንኑ ስለማያስደግም ለጎብኚም ይጣፍጣል። ፈረስና ጀልባ በአካባቢው ማኅበር በኩል ይገኛሉ፤ ዋጋውን ቢሮው መጠየቅ መንገድ ላይ ከሚገጥም ደላላ ያድናል።

በጊንጪ በኩል የሚደረስበት ደንዲም የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ነው፤ በጠባብ ወሽመጥ የተያያዙ ሁለት ክብ ሐይቆች ይመስላል። ጎብኚው ጥቂት ስለሆነ መጓጓዣውም ከወንጪ ይልቅ አስቸጋሪ ነው።

ጌዶ ላይ መንገዱ ይገነጠላል፤ ሰሜኑ ወደ ፊንጫና ሻምቡ ይሄዳል።

ወቅትና ጸጥታ

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዝናቡ የጠጠር መንገዶችን ያበላሻል፤ በዋናው መንገድም ጭጋግ ይወርዳል። ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት አደይ አበባ የሚፈካባቸው፣ ሰማዩም የሚጠራባቸው ናቸው።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ በዞኑ ሲስፋፋ መንገዶች ለቀናት ተዘግተው ነበር። ከዚያ ወዲህም በምዕራብ ኦሮሚያ በመንግሥት ኃይሎችና በኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት መካከል ያለው ግጭት መኪና እንዲቋረጥ ያደረገባቸው ጊዜያት አሉ። መንገደኞችም ለእገታ ተጋልጠዋል። አደጋው በየወሩና በየወረዳው ስለሚለያይ ከመነሳት በፊት በዋዜማው ከአምቦ የመጣ ሹፌር ወይም እዚያ የሚኖር ዘመድ መጠየቅ የተለመደ ነው። በተለይ ከአምቦ ወዲያ ወደ ጌዶና ባኮ የሚያልፍ ሰው በቀን ብርሃን ብቻ ይጓዛል፤ የመጨረሻ መኪና አምልጦት ቢመሽበትም በመንገድ ዳር መኪና ከመለመን እዚያው ከተማ አልጋ ይይዛል።