ቢራቢሮውና የኮተቤ አቧራ

ስሙኝማ። ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ፤ ዕቃውም የእነሱ፣ ቀኑም የእነሱ ነውና። ማርች 9 ቀን 2015 ነው። ሳን ፍራንሲስኮ፣ የርባ ቡዌና የሚባለው የኪነ ጥበብ ማዕከል ሰው ጢም ብሎበታል። የአፕል የገበያ አለቃ ፊል ሺለር መድረክ ላይ ወጥቶ አዲሷን ማክቡክ ያስተዋውቃል። ክብደቷ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ወፍራም በሚባለው ጎኗ እንኳ 13.1 ሚሊ ሜትር ናት። ላፕቶፕ እንዲህ ሲሳሳ ኪቦርዱም አብሮ መሳሳት አለበት። የዛሬው ታሪካችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ቆይ፣ ነገሩን ገልጬ ላሳያችሁ። በተለመደው የላፕቶፕ ኪቦርድ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት የፕላስቲክ ቁራጮች እንደ መቀስ ተጠላልፈው ተቀምጠዋል። መሃላቸው ላይ ትንሽ የጎማ ጉልላት አለች። ቁልፉን ስትጫኑት መቀሱ ይተኛል፣ ጎማዋ ትጨመቃለች፤ ስትለቁት ጎማዋ መልሳ ታነሳዋለች። አፕል ይህን ተወና ከመሃል ታጥፎ ወደ ግራና ቀኝ የሚዘረጋ አንድ ወጥ ቁራጭ ሠራ። በጎማዋ ቦታ ደግሞ የማይዝግ ብረት ጉልላት ተካ። ሁለት ክንፍ አለውና ስሙ ቢራቢሮ ተባለ። ኩባንያው እንዳለው ከመቀሱ 40 በመቶ የሳሳ ነው፤ ቁልፉን ጥጉ ላይ ብትነኩትም አይንገዳገድም። እውነትም አይንገዳገድም። ነገር ግን ቁልፉ ሲጫኑት የሚወርደው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ሆነ። የጤፍ ፍሬ እንኳ ከዚህ ትወፍራለች! እንግዲህ እዚያ ውስጥ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ብትገባ ቁልፉ ወዴት ይወርዳል?

ያቺ የመጀመሪያዋ ማክቡክ ለቀላል ሥራ የተሠራች ስለነበረች ወሬው ብዙም አልጋለም። ነገሩ የከረረው ኦክቶበር 2016 ላይ ቢራቢሮው ማክቡክ ፕሮ ውስጥ ሲገባ ነው። ፕሮ ማለት ፊልም የሚያቀናብረው፣ ኮድ የሚጽፈው፣ ጋዜጣ የሚያዘጋጀው ሰው የእንጀራ ገመድ ነው፤ ቀን ከሌት ይቀጠቀጣል። ብዙም ሳይቆይ አቤቱታው ተከተለ። የአንዱ ቁልፍ ሲጫኑት ዝም ይላል፣ የሌላው አንዴ ሲነኩት ሁለቴ ይጽፋል፣ የሌላው ተጣብቆ ይቀራል። ኬሲ ጆንስተን የተባለች ጸሐፊ ኦክቶበር 2017 ላይ ዘ አውትላይን በተባለው መጽሔት የራሷን ጣጣ ዘረዘረች። ኒው ዮርክ፣ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው የአፕል ሱቅ ቁጭ ብላለች። ባለሙያው ማሽኑን ደጋግሞ ይመረምራል፤ የታመመው ግን ስፔስ ባሩ ብቻ ነው፤ አንዴ ሲነኩት ሁለት ክፍተት ይተዋል። ምናልባት አቧራ ይሆናል አላት ባለሙያው። አቧራ! ያን ሁሉ ዶላር የፈሰሰበት ዕቃ በአቧራ ተያዘ።

አቧራውስ ይሁን፤ አቧራ የሌለበት አገር የለም። የሚያስቆጨው ጥገናው ነው። በዚህ ማሽን ኪቦርዱ ከላይኛው አካል ጋር በሪቬት ተመትቷል፣ ባትሪውም እዚያው አካል ላይ በሙጫ ተጣብቋል። ስለዚህ አንዲት ቁልፍ ስትታመም ብዙውን ጊዜ የሚለወጠው ከነባትሪው የላይኛው አካል በሙሉ ነው። በመቀሱ ኪቦርድ ላይ ቁልፉን ቀስ አድርጎ ነቅሎ፣ ጠርጎ መመለስ ይቻላል። ቢራቢሮው ሲነቀል ክንፉ ቶሎ ይሰበራል። አፕል ራሱ የሚመክረው መላ አለ፦ ላፕቶፑን 75 ዲግሪ አዘንብላችሁ ያዙት፣ ከዚያ የታመቀ አየር ከግራ ወደ ቀኝ እየነፋችሁ ቁልፎቹን አዳርሱ፣ አዙራችሁ ድገሙት። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ባለቤቱን እንዲህ እያዘነበለ እፍ የሚያሰኝ ዕቃ ከመሸጡ በፊት አንድ ሚሊ ሜትር ቢወፍር ይሻለው ነበር።

አሁን ወደ አክስቴ ልጆች ልምጣ። እህትየው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ወንድምየው አዲስ አበባ፣ ኮተቤ፣ ኮረኮንች መንገድ ዳር ካለች ክፍል ሆኖ ቪዲዮ ያቀናብራል፣ ለፊልም የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ይሠራል። በጋ ሲሆን መስኮቱን ቢዘጋም አቧራው ጠረጴዛው ላይ ጣት ያስጽፋል። አሮጌው ላፕቶፑ ደክሞበት ነበርና ጁን 2018 መጨረሻ ላይ በቫይበር ደወለችለት።

«ወንድምዬ፣ ለእንቁጣጣሽ ስመጣ ያቺን አዲሷን ላፕቶፕ ልያዝልህ?»

«እትዬ፣ እስቲ አትቸኩይ። ስለ ኪቦርዷ የሚወራውን አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ግን አራት ዓመት በነጻ እንጠግናለን ብለዋል እኮ!»

ልክ ናት። ሜይ 2018 ላይ ደንበኞች ካሊፎርኒያ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ ጁን 22 ቀን አፕል ከተሸጠበት ቀን ጀምሮ ለአራት ዓመት ኪቦርዱን በነጻ የሚጠግንበትን ፕሮግራም አስታወቀ። ችግሩ የደረሰው በጥቂት መቶኛ ማሽኖች ላይ ብቻ ነው አለ፤ መቶኛው ስንት እንደሆነ ግን አልገለጸም። ገዢው ሒሳቡን የሚሠራው እንግዲህ ቁጥሩ በሌለበት ነው። እርግጥ ነው፣ ብዙ ሰው ዓመታት ጽፎበት አንዲት ቁልፍ አልታመመችበትም። የታመመችበት ሰው ግን ጥቂት መቶኛ መሆኑ አያጽናናውም።

«በነጻ የሚጠግኑትማ ለአንቺ ነው» አላት። «አንቺ ቤተስዳ ድረስ ነድተሽ ትሰጫቸዋለሽ። እዚህ የአፕል ሱቅ የለም።»

«ትልክልኛለሃ! አሠርቼ እመልስልሃለሁ።»

«የሚሄድ ሰው እስኪገኝ፣ ተሠርቶ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ሥራዬን በምን ልሥራ?»

እህትየው ዝም አለች። እሱ ደግሞ የሚያስጨንቀውን ነገር ጨመረላት። አማርኛ ስንጽፍ አንዱን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንነካለን፤ ተነባቢው ሳድሱን ያወጣል፣ አናባቢው ተከትሎ ቅርጹን ይለውጠዋል። ከአናባቢዎቹ ቁልፎች አንዷ ዝም ብትል ገጹ በሙሉ ይበላሻል። ሰላም ብሎ ሊጽፍ የተነሳ ሰው፣ አንዷ አናባቢ ስትከዳው ሰልም፣ ሌላዋ ስትከዳው ስላም ብሎ ቁጭ ይላል። ሁለት መቶ መስመር እንኳ ያረመ ሰው ይህን ይረዳል፤ ስህተቱን የሠራው ጣት ይሁን ማሽን መለየት ያቅታል።

ጁላይ 12 ላይ ደግሞ አዲስ ወሬ መጣ፤ የቢራቢሮው ሦስተኛ ትውልድ ወጣ። አፕል የተናገረው ድምፁ ዝግ ማለቱን ብቻ ነበር። አይፊክስኢት የሚባሉት የዕቃ ፈታቾች ግን ማሽኑን በትነው ከየቁልፉ ሥር ቀጭን የሲሊኮን ሽፋን አገኙ። እነዚህን ሰዎች እወዳቸዋለሁ፤ በወሬ አያምኑም። ዱቄት የመሰለ ቀለም ነሰነሱበት። ቀለሙ ሽፋኑ ጠርዝ ላይ ተይዞ ቀረ፤ ቀድሞ የነበረው ትውልድ በዚሁ ዱቄት ወዲያው ነበር የተረታው። ከዚያ አሸዋ አመጡ። ጥቂት ቅንጣት በቃችው፤ ቁልፉ ተያዘ።

ወንድምየው ይህን ሲያነብ ተነስቶ መስኮቱን ዘጋ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው እኮ አሸዋ ነው።

በዚያው በጁላይ 12 ሌላም ነገር ሆኗል። እስከዚያ ሐምሌ ድረስ አፕል የ2015ቱን ባለ 15 ኢንች ማክቡክ ፕሮ ጎን ለጎን ይሸጥ ነበር፣ በ1,999 ዶላር። የመቀስ ኪቦርድ፣ የኤችዲኤምአይና የሜሞሪ ካርድ መሰኪያ፣ እግር ሲያደናቅፈው ተላቆ የሚወድቅ ቻርጀር አለው። አዲሱ ሲወጣ ያ ከአፕል መደርደሪያ ወረደ፤ አዲሱ ባለ 15 ኢንች ከ2,399 ዶላር ጀመረ። ወንድምየው ለእህቱ ደወለላት።

«እትዬ፣ አሮጌውን ፈልጊልኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ሰው አዲስ ይመኛል፣ አንተ የሦስት ዓመት ሞዴል በውድ ልታስገዛኝ? ጓደኞችህ ምን ይላሉ?»

«የሚሉትን ይበሉ። ቁልፉ ሲቆሽሽ መገናኛ ወስጄ አስጠርገዋለሁ።»

አጉረመረመች እንጂ አልተወችውም፤ ከአንድ ቸርቻሪ ዘንድ ከቀሩት አንዱን አገኘች። ከበድ ይላል፣ ሁለት ኪሎ ያልፋል። በመስከረም ዋዜማ በሹራብ ተጠቅልሎ ቦሌ ደረሰ።

የቀረውን በሩጫ ልንገራችሁ። ማርች 2019 ላይ የዎል ስትሪት ጆርናሏ ጆአና ስተርን የከዷትን ፊደላት እያስቀረች ሙሉ ዓምድ ጻፈች፤ ሦስተኛው ትውልድም መታመሙን ዓለም ያየው በዚያ ነው። አፕል ይቅርታ ጠየቀ። በሜይ የነጻ ጥገናው በቢራቢሮ ማሽኖች ሁሉ ላይ ሆነ። ኖቬምበር 2019 ላይ የወጣው ባለ 16 ኢንች ወደ መቀሱ ተመለሰ፣ ቁልፉም አንድ ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ሜይ 2020 ላይ ባለ 13 ኢንቹ ሲለወጥ ቢራቢሮው ከአፕል መደርደሪያ ጠፋ።

ወንድምየው ግን በመካከሉ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥቷል። ጁን 2019 ላይ አፕል መልሶ እንዲሰበሰብ ያዘዘው የትኛውን ቢሆን ጥሩ ነው? የ2015ቱን ባለ 15 ኢንች! ባትሪው ከልክ በላይ ሊግል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል ተባለ። በኪቦርዱ አምኖ የገዛው ሰው በባትሪው ተያዘ ስንል፣ ጥሪው በዋናነት ከሴፕቴምበር 2015 እስከ ፌብሩዋሪ 2017 የተሸጡትን የሚመለከት ሆኖ ተገኘ። የእሱ በ2018 የተገዛ ነው። ቢሆንም ላፕቶፑን ገልብጦ፣ በስልኩ መብራት ያቺን ከጉንዳን ያነሰች የሴሪያል ቁጥር አንብቦ፣ አፕል ገጽ ላይ አስገብቶ አይመለከትህም እስኪባል ድረስ አልተኛም።

ክሱስ? ጁላይ 2022 ላይ አፕል ጥፋቱን ሳያምን 50 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። የላይኛውን አካል ሁለቴና ከዚያ በላይ ያስለወጠ እስከ 395 ዶላር፣ አንዴ ያስለወጠ እስከ 125፣ የቁልፍ ክዳን ብቻ የተቀየረለት እስከ 50 ዶላር እንዲያገኝ ተባለ። ድርሻው ግን በሰባት ግዛቶች ለገዙ ብቻ ነበር፤ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ዮርክ፣ ፍሎሪዳ፣ ኢሊኖይ፣ ኒው ጀርሲ፣ ሚሺጋንና ዋሽንግተን።

እህትየው ዜናውን አይታ ደወለች።

«ዋሽንግተንም አለበት እኮ! ያኔ ቢራቢሮውን ገዝቼልህ ቢሆን ገንዘብ እናገኝ ነበር።»

«እትዬ፣ እሱ ሲያትል ያለበት ግዛት ነው። አንቺ ያለሽው ሜሪላንድ፤ ሜሪላንድ ደግሞ የለችበትም።»

«እንኳንም አልገዛሁልህ! ይልቅ ሻንጣ እያሰርኩ ነው፤ ምን ላምጣልህ?»

«ቻርጀር» አላት። «ያንኑ የድሮውን ዓይነት።»