አራት ሺህ ውሾች ደጅ ሲፈልጉ

የምነግራችሁ ነገር የሩቅ ዘመን አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት የሆነ ነው። ብዙ የአገራችን ሰው ከሚኖርባቸው ከአሌክሳንድሪያና ከፌርፋክስ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ ጥቂት ሰዓት የነዳ ሰው ኩምበርላንድ ይደርሳል። ጫካና እርሻ የሞላበት፣ ሰው ያልበዛበት ገጠር ነው። በዚያ ገጠር ውሻ የሚረባባቸው ረጃጅም አዳራሾች ነበሩ። አንድ ሁለት ውሻ እንዳይመስላችሁ፤ በሺህ የሚቆጠር ነው።

ባለቤቱ ኤንቪጎ የሚባል ኩባንያ ነበር። ሥራው ቢግል የሚባለውን የውሻ ዘር እያራባ ለመሞከሪያ ላቦራቶሪዎች መሸጥ ነው። ቢግል ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ቁመቱ መለስተኛ፣ ነጭና ጥቁር ቡናማም ቀለም የተቀላቀለበት ውሻ ነው። «ከውሻ ሁሉ ለምን እሱን መረጡት?» ትሉኝ ይሆናል። ገር ስለሆነ ነዋ! ሲወጉት ለመንከስ አይቸኩልም፤ ያሳመመውን እጅ ቶሎ ይቅር ይላል። መከራውን የጠራበት የዋህነቱ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተቆጣጣሪዎች ገብተው መዝገቡን ሲያገላብጡ ጉድ አገኙ። በሰባት ወር ውስጥ ከ300 በላይ ቡችሎች የሞታቸው ምክንያት እንኳ ሳይታወቅ አልቀዋል። ተመላልሰው ሲፈትሹ ሌላም ተገኘ። የሚያጠቡ እናቶች ለ42 ሰዓት ምግብ ተከልክለዋል። በስምንት ሳምንት ጊዜ ውስጥ 25 ቡችሎች በብርድ ሞተዋል። ይህ ሁሉ በመንግሥት ሰነድ ላይ የሰፈረ ነው።

ግንቦት 10 ቀን 2014 ዓ.ም. የፌዴራል መርማሪዎች የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዘው ገቡ፤ ሥቃያቸው የከፋውን ከ400 በላይ ውሾች ይዘው ወጡ። በሰኔ መጨረሻ ደግሞ ዳኛ ኖርማን ሙን የቀሩት 4,000 ገደማ ውሾች በ60 ቀን ውስጥ ወጥተው ለሚያሳድጋቸው ሰው እንዲሰጡ የቀረበውን ዕቅድ አጸደቁ።

እሰይ! አላችሁ አይደል? እኔም ብያለሁ። ግን ቆዩ፤ ዋናው ነገር ገና መምጣቱ ነው። ዳኛው ፈቀዱ፤ ታዲያ 4,000 ውሻ የት ይደር? በየከተማው ያሉት የእንስሳት መጠለያዎች ራሳቸው በተጣሉ ውሾች ተጨናንቀዋል። መጠለያ ሲሞላ አዲስ መጪ ቦታ ያጣል፤ በዚያ አገር ጤነኛ ሆኖ ሳለ በመርፌ የሚገደል ውሻም አለ።

እዚህ ላይ ነው ተራው ሰው ወደ ታሪኩ የገባው። ያኔ ሂውማን ሶሳይቲ ይባል የነበረው የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት ሥራውን አስተባበረ፤ ከ100 የሚበልጡ ድርጅቶች ድርሻቸውን ለመውሰድ እጃቸውን አወጡ፤ ፌርፋክስ አካባቢ ያለው ሆምዋርድ ትሬይልስም አንዱ ነው። ድርጅቶቹ ደግሞ ወደ ቤተሰብ ዞሩ፤ «ቋሚ አሳዳጊ እስኪገኝላት ድረስ አንዷን በአደራ ያዙልን» አሉ። ሐምሌ 14 የመጀመሪያዎቹ ውሾች ተጭነው ወጡ፤ መኪናው ተመላለሰ፤ ነሐሴ 26 የመጨረሻዎቹ ወጡ።

ይህ በአደራ የመያዝ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የክትባቱንና የሐኪሙን ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ድርጅቱ ይችላል፤ የውሻውን ምግብ የሚሰጥም አለ። ከቤተሰቡ የሚፈለገው አንድ ጥግ፣ ጊዜና ትዕግሥት ነው። አንዲት ውሻ እቤት ገብታ ባደረች ቁጥር በመጠለያው የምትለቀቀው ቦታ ለሌላ ትተርፋለች። በአንድ አደራ ሁለት ነፍስ ዳነ ማለት ነው።

ትዕግሥት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ቢግሎች ብዙዎቹ ከአዳራሹ ወለል ሌላ አያውቁም ነበር። በጆሯቸው ውስጥ መለያ ፊደልና ቁጥር ተነቅሷል። ሣር ላይ ሲያቆሟቸው ረመጥ እንደረገጠ ሰው እግራቸውን ያነሡ ነበር። ደረጃ ግራ ያጋባቸው፤ የቴሌቪዥን ድምፅ ያስደነብራቸው፤ ኳስ ሲወረወርላቸው ይሸሹ ነበር። እንዲህ ያለች ውሻ ደጅ መውጣት እንዳለባት አታውቅምና ምንጣፉን ታበላሻለች። ይህን ጊዜ የጮኸባት ሰው ያተረፈው ፍርሃቷን ብቻ ነው።

ልምድ ያላቸው አሳዳሪዎች አይጣደፉም። ወለሉ ላይ ጎን ዞር ብለው ይቀመጣሉ፤ ምግቡን መዳፋቸው ላይ አድርገው ራሷ እስክትመጣ ይጠብቃሉ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ያወጧታል፤ ደጅ ስትሸና ያሞግሷታል። የደነገጠ ውሻ ከእጅ አምልጦ ይጠፋልና ማሰሪያውን ደግመው ይፈትሻሉ። ቢግል ጥንትም በመንጋ የሚያድን ውሻ ስለነበር ብቻውን ሲሆን ይጨንቀዋል፤ ቤቱ ውስጥ ረጋ ያለ ሌላ ውሻ ካለ እሱን እያየ ይማራል። በሙያው ያሉ ሰዎች ሦስት ቀን፣ ሦስት ሳምንት፣ ሦስት ወር ይላሉ፤ በመጀመሪያው ድንጋጤው ይበርዳል፣ በሁለተኛው የቤቱን ሥርዓት ይለምዳል፣ በሦስተኛው ቤቴ ነው ይላል።

ከሁሉ የሚከብደው መስጠቱ ነው። አሳዳጊ ሲመጣ ያ በአደራ የያዘ ሰው «ሕፃን ትወዳለች፣ ድመት ታባርራለች፣ ነጎድጓድ ትፈራለች» ብሎ ጠባይዋን ዘርዝሮ ያስረክባል። አዲሱ ቤተሰብም የሚያውቃትን ውሻ ይዞ ስለሚሄድ ተመልሳ የመጣል ዕድሏ ይቀንሳል። መለየት አቅቷቸው የራሳቸው የሚያደርጓት አሉ፤ መልካም ነው። ልቡ እያዘነ የሚያስረክበው ግን ነገ ለሌላዋ ደጁን ይከፍታል፤ እኔ ለእሱ ቆሜ አጨበጭባለሁ።

ሰው ሁሉ ቡችላ ይሻል። የእንግሊዙ ልዑል ሃሪና ባለቤቱ ሜጋን ግን ከኩምበርላንዶቹ መካከል የወሰዱት ማማ ሚያ የተባለችውን የሰባት ዓመት እናት ነበር። ስንት ወልዳ ልጆቿ የተወሰዱባት እናት ማረፊያ ማግኘቷ ደስ ይላል።

ኩባንያውስ? ግንቦት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ጥፋቱን በፍርድ ቤት አመነ፤ ከ35 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍልም ተስማማ። የአገሪቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ከወጣበት ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሕግ ክስ እንዲህ ያለ ትልቅ ቅጣት አልታየም ነበር።

«ውሻ እቤት ውስጥ? እኛ እኮ በግቢ በር ጠባቂነቱ ነው የምናውቀው» የምትሉ አላችሁ፤ እውነታችሁን ነው፣ ያደግነው እንዲያ ነው። ግን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። የመጨረሻዎቹ ቢግሎች በወጡ በሳምንቱ ጳጉሜን 3፣ የሩፋኤል ዕለት ነበር። በመጽሐፈ ጦቢት፣ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር ጉዞ ሲጀምር ውሻው አብሯቸው እንደሄደ ተጽፏል። መልአክ ባለበት መንገድ ላይ ውሻ ቦታ አላጣም።

እንግዲህ ዳኛና ሕግ አዳራሹን ማስከፈት ይችላሉ፤ ሣር መርገጥን የሚያስተምረው ግን አንድ ሰው፣ ለአንድ ውሻ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ቦታና ጊዜ ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው መጠለያ ሂዱና ለጥቂት ሳምንት በአደራ የምትይዙት ውሻ እንዳለ ጠይቁ። ለዘለዓለም ለማሳደግ ቃል መግባት ባትችሉ እንኳ አደራ መቀበል ትችላላችሁ። ለተቀበላችሁ ሁሉ ቤታችሁ ይባረክ፣ ደጃችሁ ይስፋ!