ስለ አብነት፤ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ዛሬው የድምፅ ሥራ

ማተሚያ ሳይኖር በነበረው ዘመን መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በፊቱ ሌላ የታመነ መጽሐፍ ዘርግቶ ይጽፍ ነበር። ለሥራ መነሻና መታረሚያ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነገር አብነት ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም የአብነት ትምህርት መባሉ፥ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አፍ እየሰማ ራሱን የሚያርምበት ስለ ሆነ ነው። ዛሬ መዝሙርንና ዘፈንን በቤቱ ቀርጾ የሚያሰናዳ ሰውም ከዚህ ሥርዓት የሚማረው ብዙ ነው።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ በአባ ዮሐኒ ዘንድ ከተማሩ በኋላ፥ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መጥተው ትምህርት ቤት አቆሙ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርቶቻቸው አንዱ ነበሩ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ሐይቁን ተሻግሮ የገዳሙን ወርቅና ብር በወሰደ ጊዜ እንኳ ይህ ወንጌል አልጠፋም። በሌላው አገር ግን ብዙ መጻሕፍት ተቃጠሉ። የታመነ መጽሐፍ በጠፋበት ስፍራ የጠፋው ብራናው ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ ጋር እየተያዩ ይታረሙ የነበሩት ሁሉ መታረሚያቸውን አጡ።

በዜማም ነገሩ እንዲሁ ነው። ሊቃውንት እንደሚናገሩት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1533–1551 ዓ.ም.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት በድጓው ላይ አኖሩ። ነገር ግን ምልክት ለሚያውቀው ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ብቻውን ድምፅን አያስተምርም። ስለዚህ ድጓን የተማረ ሰው በመንደሩ ሊቅ ተብሎ ቢመሰገንም፥ ወደ ጋይንት ቤተልሔም ሄዶ ዜማውንና የጻፈውን ድጓ አሳርሞ ሳያስመሰክር ሥራው እንደ ተፈጸመ አይቈጠርለትም ነበር። ብዙ ዓመት የደከመ ሰው ደግሞ ለመታረም ጓዙን ተሸክሞ መንገድ የሚጀምረው፥ የገዛ ጆሮው ሊያታልለው እንደሚችል ስለሚያውቅ ነው።

ከሐይቅ በስተ ሰሜን ያለው የአምባሰል አገር ደግሞ ስሙን ለቅኝት ሰጥቷል። ትዝታ፥ ባቲ፥ አንቺ ሆዬና አምባሰል አራቱ የታወቁ ቅኝቶች ናቸው። አምባሰል አምስት ድምፅ አለው፤ ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ድምፅ ያለው ርምጃ ጠባብ፥ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ያለው ግን ሰፊ ነው። የአምባሰል ጣዕሙ ከዚህ ነው። ማሲንቆኛው ይህን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ቀድሞት ከነበረው ማሲንቆኛ እየሰማ ክሩን ያጠብቅና ያላላ ነበር። ኋላ የድምፅ መቅጃ ሲመጣ፥ እንደ ማሪቱ ለገሠ ያሉ የወሎ ድምፃውያን ያዜሙት ተቀርጾ ቀረ፤ ቀድሞ ከሰው አፍ ብቻ ይገኝ የነበረው አብነትም በቤት የሚቀመጥ ሆነ።

አሁን በውጫሌ ወይም በሐይቅ ከተማ የሚኖር ወጣት በኮምፒዩተርና በአንድ ማይክሮፎን የሽማግሌ በገና ወይም የማሲንቆ ዜማ በቤቱ ሊቀርጽ ይችላል። ድምፁን ከመሣሪያው ጋር ማመዛዘኑን ባለሙያዎች ሚክሲንግ፥ የመጨረሻውን ማጥራትና ማስተካከል ማስተሪንግ ይሉታል። ችግሩ ግን ወዲያው ይመጣል። አንዱን ዜማ ሲደጋግም የዋለ ጆሮ ስሕተቱን ይለምደዋል፤ ጠባብ ክፍልም ወፍራሙን ድምፅ አላግባብ ያበዛዋል ወይም ይሰውረዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደ ተባለ፥ ሠሪው የራሱን ሥራ እንደ እንግዳ ሊሰማው አይችልም።

መድኃኒቱ በታመነ ባለሙያ የተፈጸመ ሌላ ዜማ ከሥራው አጠገብ አኑሮ እያፈራረቁ መስማት ነው። ይህም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ፥ አብነቱ ከሚሠራው ዜማ ጋር በወገን የሚመሳሰል ይሁን። ከበሮው የገነነበትን የባዕድ አገር ዘፈን ለአምባሰል አብነት ያደረገ ሰው፥ የማሲንቆውን ድምፅ አፍኖ ይቀራል። ሁለተኛ፥ ሁለቱ በእኩል ጉልበት ይሰሙ። አሜሪካውያኑ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንዳስረዱት፥ ድምፅ ሲቀንስ ጆሮ ከሁሉ አስቀድሞ ወፍራሙን ያጣል። ስለዚህ ከፍ ብሎ የተሰማው ሳይሻል የተሻለ ይመስላል፤ ተፈጽሞ የወጣ ዜማም ብዙ ጊዜ ጉልበቱ የበዛ ስለ ሆነ ዝቅ አድርጎ ማስተያየት ይገባል። ሦስተኛ፥ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይመርመር፤ የሰው ድምፅ ከክራሩ ምን ያህል ቀደመ? ወፍራሙ በዛን ወይስ አነሰ? ይህን ሁሉ ፈጽሞ ሥራውን በሌላ ክፍልና በስልክ መስማት ይረዳል።

ነገሩ ለደስታ ብቻ የሚደረግ አይደለም። ዛሬ የአንድ መሪጌታ ዜማ በስልክ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፤ መምህር በሩቅ ያለበት ልጅም ከዚያው ይማራል። በቤት የተቀረጸው ሥራ ሳይታወቅ ለሚመጣው ትውልድ አብነት ሆነ ማለት ነው። ርክርኩ ታፍኖ፥ ድፋቱ ሳይሰማ የተላለፈ ዜማ፥ በአንድ ጸሐፊ ስሕተት ከብራና ወደ ብራና እንደ ተዛመተ ቃል ሆኖ ይቀራል።

አብነትን መያዝ ግን የሌላውን ሥራ መገልበጥ አይደለም። በቤተልሔም የተመሰከረለት ሊቅ ወደ አገሩ ሲመለስ የሚያዜመው በገዛ ድምፁ ነው። በቤቱ የሚሠራውም ሰው እንዲሁ የራሱን ድምፅ ይዞ፥ የደከመበትን ከመልቀቁ በፊት እንደዚያ መንገደኛ ለመታረም ፈቃደኛ ይሁን።