ትንሹ ታንክ የሚያስተምረው ታሪክ

በጣና ዳር ከደንገል እጅ የምታክል ታንኳ ሠርተው ለእንግዳ የሚሸጡ አሉ። ያችን ትንሽ ታንኳ ያስተዋለ ሰው የትልቋን አሠራር ይረዳል። በውጭ አገር ደግሞ ወታደርንና ታንክን 72 ጊዜ አሳንሰው፥ ቀለም ቀብተው፥ በጠረጴዛ ላይ ጦርነትን የሚያጠኑ ብዙዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1913 ዓ.ም. ስለ ትንንሽ ወታደሮች ጨዋታ መጽሐፍ አሳትሟል።

ይህ ጥበብ ለእኛ ታሪክ ምን ይጠቅማል? የደምበጉይናን ጦርነት እንመልከት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ የኢጣልያን ታንኮች ገጠመ። ታንኩ ሁለት ሰው የሚይዝ፥ ርዝመቱ ከ3 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነበር፤ ለ72 ሲካፈል 4 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ይሆናል።

ሠሪው ከፋብሪካ የወጣውን ትንሽ ታንክ እንዳለ አይተወውም። ክዳኑን በስለት ቆርጦ ይከፍታል፤ ለዘማቹም ከስስ ወረቀትና ከሙጫ ሸማ አልብሶ ከታንኩ በስተኋላ ያወጣዋል። ስለ ምን በስተኋላ? መትረየሱ ወደ ፊት የተተከለ ስለ ነበረ ዞሮ መተኮስ አይችልም። ዘማቾቹም ይህን አስተውለው ከኋላ ወጡበት፤ ድልም አደረጉ።

ነገር ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ በተከዜ አጠገብ ከአውሮፕላን የወረደውን፥ ገላ ያቃጠለውን የመርዝ ጋዝ የትኛው ቀለም ያሳያል? ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ትንሹን ታንክ የሚቀባ ተማሪ በቀለም የማይታየውንም ታሪክ ያንብብ።