ጥላው ልክ ነበር

የአጎቴ ልጅ አይሱዙ አለው። ከይፋት ቆላ ሽንኩርትና ማሾ እየጫነ አዲስ አበባ ይመላለሳል። የመኪናውን ዕዳ ከፍሎ በጨረሰ ሰሞን ከጋቢናው በላይ «የአሊዩ አምባ ልጅ» የሚል ስቲከር ሊያስለጥፍ ሸዋ ሮቢት ወረደ። ሥራው ባለ ሦስት ድርብ ነው፤ ከታች ጥቁር ጥላ፣ በላዩ ነጭ ጠርዝ፣ ከሁሉም በላይ ቀይ ፊደል። ሲመለስ ሰፈሩ ሳቀበት። ጽሑፉ «የአሊየ አምባ ልጅ» ይል ነበር።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ማሽኑ ፊደሉን ከቆረጠ በኋላ ትርፉ ፕላስቲክ በእጅ ይነቀላል። ያን ጊዜ ከ«ዩ» ጎን የምትወጣው አጭር ጭረት ከትርፉ ጋር ተቀንጥባ ሄዳለች፤ የለጠፈውም ሰው ልብ አላላትም። የሚገርመው ጥቁሩና ነጩ ደህና መሆናቸው ነው። ጥላው «ዩ» ይላል፤ ፊደሉ «የ» ይላል።

ትንሽ ነገር ልትሉት ትችላላችሁ። እሱ ግን አልቀለለውም፤ እኔም አልፈርድበትም። አሊዩ አምባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሸዋ በር ነበረች። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው ሲራራ ነጋዴ አንኮበር ከመውጣቱ በፊት እዚህ ይገበያይ ነበር። ጨውና ጨርቅ ይመጣል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ሰውም እንደ ዕቃ ተሸጦ በዚሁ በኩል ወደ ባሕር ተነድቷል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲሄድ በዚህ አልፏል። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን እዚሁ ከተማ ቤት ይዞ ተቀምጧል። ሁለቱም ስለ ጉዟቸው መጽሐፍ ጽፈዋል። ኋላ የጅቡቲ ባቡር ንግዱን በድሬዳዋ በኩል ወሰደው። ጣሊያንም የደሴን መንገድ በጣርማ በር ዋሻ አሳልፎ ወደ ሮቢት አወረደው። አሊዩ አምባ ከሁለቱም ውጭ ቀረች። ዛሬ በዋናው መንገድ የሚሄድ ሰው ስሟን የሚያነበው ከእንደዚህ ዓይነት አይሱዙ ግንባር ላይ ነው። እሱም ተሳስቶ!

መጀመሪያ የተሰጠው መፍትሔ ቁራጭ ቀይ ጭረት መጨመር ነበር። ጥፍር የምታክል ቁራጭ ስንት ኮላ ትይዛለች? የሮቢት ፀሐይ ጠርዟን አጠቀለለው፤ በሁለተኛው እጥበት ወደቀች። ቀጥሎ ሙሉ «ዩ» በአሮጌው «የ» ላይ ተለጠፈ። የሥረኛው ጠርዝ ከላይ ይታይ ጀመር፤ ዙሪያውን አየር ገብቶ አበጠ። ድርቡ አራት ሆነ፣ ስህተቱም ከሥር እንዳለ ተቀምጧል።

የብራና ጸሐፊ እንዲህ አያደርግም ነበር። የተሳሳተውን ፊደል በቢላዋ ፍቆ፣ በተፋቀው ቦታ ላይ ይጽፋል። መፋቅ ካልፈለገ ከቃሉ በላይና በታች መስመር አስምሮ አንባቢው እንዲዘለው ያመለክተዋል። መኪና ላይ በብሩሽ የሚጽፈው ሠዓሊም ቀለሙ ሳይደርቅ በቲነር የራሰ ጨርቅ ይጠርጋል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ የጆሴፍ ገርበር ኩባንያ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የፊደል መቁረጫ ለገበያ ካወጣ ወዲህ ግን ፊደል መጻፍ ቀርቶ መለጠፍ ሆነ። የተለጠፈ ደግሞ መሸፈን ያስመኛል።

መንግሥትም ቢሆን ይህን ሥራ ያውቀዋል። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ሲሻር የባንዲራው አንበሳ ከነአካሉ አልተነሣም። አክሊሉ ከራሱ ላይ ወረደ፤ በያዘው ዘንግ ጫፍ የነበረው መስቀል በጦር ጫፍ ተተካ፤ የቀረው እንዳለ ቀጠለ። የላይኛውን ድርብ ብቻ መንቀል ማለት ነው። የድሮውን የሚያውቅ ሰው ያን አንበሳ ሲያይ አክሊሉን በዓይኑ እየሞላ ነበር ብትሉኝ አምናለሁ።

አይሱዙውን በመጨረሻ ያስተካከለው ደብረ ብርሃን ያለ ልጅ ነው። በጠዋት ደረስን። በብርድ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ሲነካ ይሰባበራል አለና ፀሐይዋ እስክትበረታ አስጠበቀን። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ ለብ አደረገው። አብዝቶ ቢያሞቀው ነጩም አብሮ ይነሣል፤ ተጣብቆ የቆየ ድርብ ተያይዞ መምጣት ይወዳል። የቀዩን ጫፍ በምላጭ አነሣና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ፣ በራሱ ላይ እያጠፈ፣ ቀስ ብሎ ጎተተ። መጀመሪያ አራተኛው መጣ፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። የቀረውን ኮላ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ወለወለው። ቤንዚን ለምን አትጠቀምም ብለው «ነጩን ይበላዋል» አለኝ። የሳሙና ውሃ ረጨ፤ አዲሱን ፊደል በውሃው ላይ እያንሸራተተ ቦታ ቦታውን አስያዘና ውሃውን በፕላስቲክ ገፍቶ አስወጣው። ልኩን የወሰደው ከጥቁሩ ጥላ ነው።

አዲሷ «ዩ» ከጎረቤቶቿ ይልቅ ቀላች። የአጎቴ ልጅ ቅር ብሎት ሌሎቹም ይቀየሩ ወይ ሲል ጠየቀ። ልጁ ሳቅ ብሎ ገንዘቡን ተቀበለና፣ «ሮቢት ውረድ፣ ፀሐይዋ ታመሳስልልሃለች» አለው።