ከቁጥጥር ወደ ማስተማር

በዳንግላ ወረዳ ገጠር የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ የቤተሰብ ሐኪም አይደለም። በአገራችን የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2005 ዓ.ም. ነው፤ ተመራቂዎቹም ገና ጥቂት ናቸው። የቤተሰብ ሐኪምን ሥራ ተሸክመው የኖሩት ጤና መኮንኖችና ነርሶች፣ ኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት፣ እንጅባራ ያለው የዞኑ ጤና መምሪያና ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጤና ቢሮ ለታካሚው ምን ፈየዱ ብሎ ለሚጠይቅም መልሱ የሚገኘው በእነዚሁ ባለሙያዎች ታሪክ ውስጥ ነው። ታሪኩ የሚያሳየው፣ የበላይ አካል ሕክምናን የሚያሻሽለው ሊቆጣጠር ሳይሆን ሊያስተምር ሲመጣ መሆኑን ነው።

በ1946 ዓ.ም. በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጀ። ይህንኑ ተከትሎ በ1947 ዓ.ም. መግቢያ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የሳኒቴሽን ባለሙያ በቡድን እየሆኑ ገጠር ወርደው ተማሩ። ሐኪም እጅግ ላነሰው አገር ታላቅ ሐሳብ ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርት በምረቃ የሚያበቃ ከሆነ፣ ርቆ የተመደበ ባለሙያ ከነጥርጣሬው ብቻውን ይቀራል።

በ1994 ዓ.ም. በጀትና ቅጥር ወደ ወረዳ ሲወርድ ይህ ችግር ሌላ መልክ ያዘ፤ ደመወዝ የሚከፍለው ወረዳ፣ የተሻለ የሙያ አቅም ያለው ግን ዞንና ክልል ሆነ። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌያቸው ጤና ኬላ ተመደቡ። አንድ ጤና ጣቢያም በሥሩ አምስት ጤና ኬላዎችን እንዲደግፍ ተደረገ። የሠራተኞቹ ሥራ መጀመሪያ በአብዛኛው መከላከል ነበር፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የሕፃናትን የሳንባ ምች በጸረ ተሕዋስያን እንዲያክሙ ተፈቀደ። ከባዱን ፈተና ያመጣው ይህ ነው። የ8 ወር ሕፃን በደቂቃ 54 ጊዜ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጣን ነው፤ መለኪያው ከ50 ጀምሮ ነውና። መዝገቡ ላይ 54 ተጽፎ ከጎኑ «ጉንፋን» ቢሰፍር ልጁ መድኃኒቱን ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የኬላውን ንጽሕናና ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ግራፍ አይቶ የሚሄድ ተቆጣጣሪ ይህን ስሕተት አያገኘውም። የሚያገኘው መዝገቡን የሚያነብ ሰው ነው። ሠራተኞቹ መዝገባቸውን ይዘው የሚሰበሰቡበት፣ እያንዳንዱ መስመር ከማከሚያ መመሪያው ጋር የሚነጻጸርበት የግምገማና የክሊኒክ ልምምድ ስብሰባ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣውም ለዚህ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የሆስፒታሎች የጥራት ጥምረትም፣ ጠንካራው ሆስፒታል የአካባቢውን አቻዎች እንዲያግዝ በማድረግ፣ ያንኑ ሐሳብ ይከተላል።

መድኃኒት ከሌለ ትምህርት ምን ያደርጋል የሚል ክርክር አለ፤ እውነትነትም አለው። ዳሩ ግን መዝገቡ ያንንም ያወጣዋል፤ የሳንባ ምች ተብሎ ተለይቶ መድኃኒት ያልተሰጠው ልጅ በተራ ቁጥሩ ይታያል፣ ወረዳውም ለዞኑ የሚያቀርበው ማስረጃ ይኖረዋል። ሌላው ተቃውሞ ስብሰባና ጉብኝት ባለሙያውን ከሕመምተኛው ይነጥላሉ የሚል ነው። ቼክሊስት ሞልቶ ለመሄድ ብቻ ለሚመጣ ቡድን ይህ ወቀሳ ይገባዋል፤ እንዲህ ያለው ጉብኝት ቢቀር ታካሚው የሚያጣው ነገር የለም። በክረምት ጭቃ ተጉዞ አንድ ነርስ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ሕፃን አብሮ የሚመረምር ሰው ግን ሥራ አላስፈታም፤ ራሱ ሥራው ያ ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ የገንዘቡ ነገር ነው። የመዝገብ ግምገማውን ወጪ ብዙ ጊዜ የሸፈኑት የውጭ አጋሮች ናቸው፤ የአጋር ፕሮጀክት ደግሞ ማብቂያ ቀን አለው። ስለዚህ የወረዳው ምክር ቤትም ሆነ የዞኑ መምሪያ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት ሲይዙ፣ ለመዝገብ ግምገማው የውሎ አበልና የነዳጅ ወጪ የራሱ መደብ ይስጡት።